ጥርስ ባዳ ነው

ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ አስጎብኚያችን «ባትሪ አጥፉ፤ ስልክም አጥፉ» አለ። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ተነሥቶ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር፣ ከድንጋይ የተፈለፈለ መተላለፊያ ነው፤ የላሊበላ ሰው በሲኦል ይመስለዋል። እጅን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ አንገትን ደፍቶ፣ ብርሃን እስኪታይ መራመድ ነው። ከፊቴ ከዋሽንግተን አካባቢ የመጡ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ነበሩ። ትንሿ በእንግሊዝኛ ትጮሃለች፤ አባትየው ይስቃል። አስጎብኚው የሁላችን ኋላ ነው። በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ከኋላዬ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፤ ሸክሙን ዳገት ላይ አውርዶ ያረፈ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት። ብርሃን ላይ ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁት። ፈገግታው ቦታው ላይ ነበር።

ጊዜው የ2014 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። ላሊበላ ከሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባና ስትወጣ ከርማ፣ ከተረጋጋች ገና ሳምንታት ብቻ ተቆጥረዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ኮሮና ነበር፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ አገር ውስጥ ከተገኘ ወዲህ የእንግዳው መንገድ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ገና መንግሥት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው እንዲመጡ ጥሪ አድርጎ ስለነበር ከተማዋ እንደገና ሰው አየች። ለአስጎብኚያችን ይህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ከተቃረበ የሥራ ጾም በኋላ የመጀመሪያው ፍስክ መሆኑ ነው። ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ዲቁና የተቀበለ፣ ንግግሩ የተለካ ወጣት ነው። ስሙን አልጽፍም።

ቀኑን ሙሉ አብሬው ስውል አንድ ነገር መቁጠር ጀመርኩ፦ እሱ ባላጠፋው ስንት ጊዜ ይቅርታ እንደሚጠይቅ። ከቤተ መድኃኔዓለም በላይ የቆመውን የብረት መጠለያ አይታ እናትየው «ይሄን አስቀያሚ ነገር ማን ነው የሠራው?» አለች። መጠለያዎቹ አራት ናቸው፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. የተተከሉ ናቸው። የከተማው ሰው ራሱ ክብደታቸው አለቱን እንዳይጎዳው ሲሰጋና አቤት ሲል ኖሯል። አስጎብኚው አልተከላቸው፣ አያነሣቸው። «ይቅርታ፤ ለጊዜው ነው» አለ። ስለ ሆቴላቸው ውኃ ይቅርታ ጠየቀ። ስለ መንገዱ ይቅርታ ጠየቀ። የውጭ ዜጎች በዚያን ጊዜ ለመግቢያ 50 ዶላር ይከፍሉ ነበር፤ ገንዘቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ነው የሚገባው፣ ስለ ውድነቱ የሚወቀሰው ግን እሱ ነው። እስከ ምሳ ዘጠኝ ይቅርታ ቆጥሬ ተውኩት።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከሆድ የተለየ ፈገግታን የሚገልጽ አባባል አለን፤ ከሊቃውንቱ ሁሉ ቀድመን የያዝነው ይመስለኛል። «ጥርስ ባዳ ነው፤ ዘመድ ሲሞት ይስቃል» እንላለን። አባባሉ ጥርስን ይወቅሳል፤ የውስጥን ሐዘን የማያውቅ፣ የሥጋ ዘመድ ያልሆነ አድርጎ። በባዳነቱ ደመወዝ የሚበላ ሰው ይኖራል ብሎ ግን አላሰበም።

አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ አጥኚ አርሊ ሆክሺልድ ያሰበችው ይህንን ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ዘ ማኔጅድ ኸርት» በተባለው መጽሐፏ የዴልታ አየር መንገድ አስተናጋጆች አትላንታ ላይ እንዴት እንደሚሠለጥኑ ተከታትላለች። ሠልጣኞቹ ፈገግታቸው ትልቁ ሀብታቸው መሆኑ ይነገራቸዋል፤ ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልብ እንዲሆን ይጠየቃሉ። ተሳፋሪ ሲሳደብ እንዳይናደዱ «ምናልባት ከባድ መርዶ ሰምቶ ይሆናል» ብለው እንዲያስቡ ይመከራሉ። ሆክሺልድ ይህን የስሜት ጉልበት አለችው፦ ሌላው ሰው ደስ እንዲለው የራስን ስሜት መጫን ወይም መቀስቀስ፣ በደመወዝ። ሁለት መንገድ እንዳለውም ጻፈች። አንደኛው ፊትን ብቻ ማስመሰል ነው፤ ጥርሱ ይስቃል፣ ሆድ ሌላ ነው። ሁለተኛው ሆድን ራሱን ማሳመን ነው፤ ስሜቱን እስኪመጣ ድረስ ከውስጥ መጎተት። የመጀመሪያው ሰውየውን ከራሱ ጋር ያጣላዋል። ሁለተኛው ደግሞ ውሎ ሲያድር «የቱ ነው የእኔ ስሜት? የቱ ነው የድርጅቱ?» የሚያሰኝ ይሆናል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሠልጣኞቹ የአውሮፕላኑን ሆድ እንደ ገዛ ሳሎናቸው፣ ተሳፋሪውንም ቤታቸው እንደመጣ እንግዳ እንዲቆጥሩት ይነገራቸው ነበር። እነሱ በሥልጠና ሊፈጥሩት የደከሙበትን እኛ በነጻ እንዳለን እናወራለን። ከቱሪዝማችን መሥራች ከአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» መፈክር ጀምሮ አገራችን ለጎብኚ በተሸጠችበት ጽሑፍ ሁሉ ከፀሐዩና ከድንጋዩ ቀጥሎ አንድ ዕቃ አይጠፋም፦ እንግዳ ተቀባዩ ሕዝብ። በየሥልጠናውና በየስብሰባው አስተናጋጁ «አንተ የአገር አምባሳደር ነህ» ይባላል። አምባሳደር ግን አበል አለው። እንግዳ ተቀባይነት ተፈጥሯችን ነው ካልን ሥራ አይደለም ማለታችን ነው፤ ሥራ ካልሆነ ድካም የለውም፤ ድካም ከሌለው ዕረፍትም ክፍያም አይጠየቅበትም። አስተናጋጅ ፊቷ ሲጠቁር «ደከማት» አንልም። «ኩሩ ናት፣ ሥነ ምግባር የላትም» ነው የምንለው። እኔም ብያለሁ።

ደግሞስ የቤቱ እንግዳ ተቀባይነት እንዲህ ነበር እንዴ? የቤቱ እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት «ማዕዳችሁን ያብዛው» ብሎ ይመርቃል። ባለቤቲቱ «አፈር ስሆን ብላልኝ» ትላለች፤ ግን ደግሞ ትቆጣለች፣ «ምን ሆነህ ነው የማትበላው?» ትላለች፣ ካስፈለገም ትሰድበዋለች። እንግዳው ባለቤቱ ሐዘን ላይ እንደሆነ ከነጠላ አለባበሱ ያውቃል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እሱም በተራው ነገ ያስተናግዳል። ሆቴል ውስጥ ከዚህ ሁሉ የቀረው የአስተናጋጁ ድርሻ ብቻ ነው። ምርቃቱ፣ ቁጣው፣ ተራው ተቆርጦ ወድቋል። ቃሉ እንኳ ቢኖር ትርጉሙ ሄዷል፤ ጉርሻ ከሰው እጅ ወደ ሰው አፍ የሚሄድ ነገር ነበር፣ አሁን ሒሳቡ ሲዘጋ ከመልሱ ላይ የሚተው ብር ነው።

ልዩነቱን ለማየት ላሊበላን የሚያህል ቦታ ያለ አይመስለኝም። በገና ሰሞን ከየአገሩ፣ አንዳንዱ ቀናትን በእግሩ ተጉዞ የሚመጣውን ምዕመን የከተማው ሰው እግሩን ያጥበዋል። ውኃ ይሞቃል፣ ጎልማሳና ወጣት ዝቅ ብሎ የማያውቀውን ሰው የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ያሻል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ፣ ጫማ ጠባቂዎች አሉ። ጎብኚው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ሲወጣ ጫማውን ተሸክመው ቀድመው ይደርሳሉ፤ ደርድረው ይጠብቁታል፣ አንዳንዴም ጎንበስ ብለው ያስሩለታል። በዚያ ሰሞን ሁለቱንም እያየሁ ስመላለስ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ሁለቱም ሰዎች ከሌላ ሰው እግር ሥር ናቸው። ጎንበስ ማለታቸው አንድ ነው። ለምን አንደኛው እያበራ፣ ሌላው እየዛለ ይነሣል?

ገንዘቡ ነው ልል ነበር። ግን ገንዘብ ማግኘት ሰውን አያዝልም፤ ማጣት ነው የሚያዝለው። ጫማ ጠባቂዎቹን ቀረብ ብዬ ሳይ የገባኝ ሌላ ነው። እግር የታጠበው ሰው ቀና ብሎ አጣቢውን ያየዋል፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይለዋል፤ አጣቢው በረከት የሚያገኘው እሱ ራሱ መሆኑን ያምናል። መጣላት ቢያምረው ይጣላል፣ ቢደክመው ሌላ ሰው ይተካዋል፣ በዓሉ ሲያልፍ ወደ እርሻው ወይም ወደ ሱቁ ይመለሳል። ጫማ ጠባቂዋ ግን የምትታየው ጫማው ሲጠፋ ነው። ከደጁ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት አሮጊት የሰጡኝን ማብራሪያ ከዚህ የተሻለ አድርጌ መጻፍ አልችልም፦ «የፈረንጁን ጫማ አውቀዋለሁ፤ ፊቱን ግን አላውቀውም ልጄ።»

ወደ አስጎብኚያችን ልመለስ። ቤተ ጊዮርጊስ ዘንድ ደርሰን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ መጥቶ ሳለ የቀረ ነው የሚባለውን የኮቴ ምልክት ካሳየን በኋላ፣ አባትየው ትከሻውን ቸብ አድርጎ «ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ መላእክት ሠሩት ሲባል አንተ ታምናለህ?» አለው። አስጎብኚው ሳይዘገይ «ቀን ቀን ሰው ሠራ፤ ማታ ማታ መላእክት። የማታው ፈረቃ ፈጣን ነበር» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ወደ ሆቴሉ ስንመለስ ስለዚያች ቀልድ ጠየቅኩት። «ፈረንጅ ይወዳታል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «መጀመሪያ የተናገርኳት ዕለት ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ» አለ።

የአየር መንገድ አስተናጋጅ የምትሸጠው ፈገግታዋን ነው። ላሊበላ ላይ የሚሸጠው ግን ለነፍስ የሚቀርብ ነገር ነው። ቦታው በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ለአስጎብኚያችን ግን ቅርስ ከመሆኑ በፊት ደብሩ ነው። ከቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው የደረቀ የሰው አፅም ለጎብኚ ፎቶ ነው፤ ለእሱ እዚሁ ማረፍን የተመኘ ተሳላሚ ነው። በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲወረብ፣ ካህናቱ ከላይ በማሜ ጋራ ከታችም በቅጥሩ ውስጥ ሆነው ሲቀባበሉ፣ እሱ እንደ ልጅነቱ ከወራቢዎቹ ጋር መሆን ነበረበት። እኛ ጋ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትርጉሙን ሲያስረዳ ነበር። እግሩ ግን ከዜማው ጋር ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር።

የበዓሉ ነገር በዚህ ሥራ ላይ ያሉትን ሁሉ የሚነካ ነው። የእንግዳ ወቅቱ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ነው። ቤተ ሰብ በሚሰበሰብበት ቀን አስተናጋጁ ቤቱ የለም፤ ክረምቱ ሲገባ ቤቱ አለ፣ ገንዘቡ ግን የለም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁርስ ያልቀመሰች አስተናጋጅ ለእንግዳ ቁርጥ ታቀርባለች፣ «ይጣፍጥልዎ» ትላለች። የሚገርመው ይህንን እንደ ድካም የሚቆጥር አለመኖሩ ነው፤ እሷም ራሷ አትቆጥረውም።

ሴቶቹ ላይ ሌላም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በእንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ አንዲት ወጣት የነገረችኝ ሁሌም ትዝ ይለኛል፤ ፈገግ እንድትል ታዝዛለች፣ ፈገግታዋን ግብዣ አድርጎ የሚወስደውን እንግዳ ደግሞ ሳታስቀይም እንድትመልሰው ይጠበቅባታል። ስልኳን ሲጠይቃት፣ እጇን ሲይዝ፣ «እምቢ» የሚለውን ቃል በሳቅ ጠቅልላ መስጠት አለባት። ለአለቃዋ ስትናገር «ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ በብልሃት ያዥው» ተባለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፆታዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሥራ ወሰን ያስቀምጣል፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ይሰጣል። ለተቀጠረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በማኅበር ተደራጅቶ በተራ የሚሠራው አስጎብኚ ግን ቀጣሪ የለውም። የዕረፍት ፈቃዱን የሚጽፍለት ማን ነው? ተራው ከደረሰ ይሄዳል፤ ታሞም ቢሆን፣ ተቀይሞም ቢሆን፣ ዘመድ ሞቶበትም ቢሆን።

ይህ ሁሉ ሲጠራቀም ምን እንደሚያመጣ የሚያጠኑት ሰዎች «በርንአውት» የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ነድዶ ማለቅ እንደ ማለት ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1974 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በነጻ ክሊኒክ ያገለግሉ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች እንዴት ነደው እንደሚያልቁ ጻፈ፤ ራሱም አንዱ ነበር። ክርስቲና ማስላክ ደግሞ ይህን ከባልደረባዋ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ መለኪያ ለወጠችው። ሦስት ነገር ነው የምትፈልገው፦ ተኝቶ የማይወጣ ድካም፤ ሰውን እንደ ሰው ማየት ማቆም፤ የሠሩት ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ሲያስገባው ሕመም ነው አላለም፤ በሥራ ቦታ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ ጫና የሚመጣ ነው አለ። ይህ አነጋገር ደስ ይለኛል፤ ጉድለቱን ከሰውየው ወደ ሥራው ያዞረዋልና።

በእኛ አገር ግን ማንም ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ዛልኩ» አይልም። «ጨጓራዬ» ነው የሚለው። ከሆቴል ሠራተኞች ጋር በተነጋገርኩ ቁጥር ጨጓራ ይመጣል፦ «ጨጓራዬን ልጦታል»፣ «ጨጓራ ነው የያዝኩበት»። አንዳንዱ እውነት ጨጓራ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ የማይበላ ሰው አስተናጋጅ ነው፣ ምግብ መካከል ቆሞ። አንዳንዱ ግን ሳይናገሩ የዋጡት ነገር ነው፤ አማርኛው ሐዘንንም ቂምንም ምስጢርንም ሆድ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ሕመሙም እዚያው ይጀምራል። «ቻይ» ብለን የምናመሰግነው ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አንጠይቅም። ሁለተኛው የማስላክ ምልክትም በቤት ቋንቋ አለ። አስጎብኚዬ እንግዶችን ሲጠራ በስማቸው አልነበረም፤ «የትናንቶቹ ስድስት»፣ «የነገው ሁለት» ይል ነበር። ክፋት አልነበረበትም። ስም መያዝ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል፤ እሱ ያንን ጉልበት እየቆጠበ ነበር።

በዚያ ሰሞን ደግሞ አዲስ ሥራ ተጨምሮበታል። እንግዳው ሁሉ ስለ ጦርነቱ ይጠይቃል። ዲያስፖራው ከፈረንጁ ይልቅ ከባድ ነው፤ ፈረንጁ በጥንቃቄ ጠይቆ ያልፋል፣ ወገን ግን እንደ ወገን ይጠይቃል። «አንተ እዚህ ነበርክ? ምን አየህ? ፈራህ?» አስጎብኚው ታሪኩን አሳጥሮ ይዞታል፤ ስለ ከተማዋ ጨለማ፣ ስለ ባንክና ስልክ መዘጋት፣ ስለ ወፍጮ። መጨረሻ ላይ ሳቅ የምታመጣ አንዲት ነገር አለችበት። ያቺን ነገር ሦስት ጊዜ ሰማኋት፤ በሦስተኛው ጊዜ ቃል በቃል አንድ መሆኗን ሳውቅ ሌላው ያልተነገረው ምን ያህል እንደሆነ ገባኝ። እናትየዋ አለቀሰች። ያጽናናት እሱ ነው።

እኔም ራሴን ነጻ አላደርግም። ከዋሻው እስከ ቤተ ጊዮርጊስ «ጥሩ ልጅ» እያልኩ ነበር የምከተለው። በዋሻው ውስጥ የሰማሁትን ትንፋሽ እያነሣሁ እንዲያብራራልኝ የፈለግኩትም ለጽሑፌ ነው፤ አንድ ተጨማሪ እንግዳ፣ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ። ማታ ላይ ቤተ ሰቡን ሸኝቶ፣ ጉርሻውን ተቀብሎ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ካመሰገነ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «ቤት ይምጡ፤ ቡና ይጠጡ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ «እርስዎ» ነበርኩ።

ቤቱ ከዳገቱ ላይ ነው። እናቱ በር ላይ ተቀበሉን። ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ለብሰውታል። ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት፤ የእናቱ እኅት በገጠር አርፈው ተቀብረዋል፣ ሳምንት አልሞላም። እሱ ቀብር አልደረሰም። ተራው ደርሶ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ተራ። ፊቱን አየሁት። ቀኑን ሙሉ ያየሁት ፈገግታ የለም፤ ፊቱ የደከመ፣ ትንሽ የተቆጣ፣ ከእኔ ምንም የማይፈልግ ሰው ፊት ነው። ሞሰቡ ቀረበ፤ የበዓል ዶሮ ወጥ ነው። እኔ በሐፍረት ከዳር ከዳር እቆነጥራለሁ።

«ብላ እንጂ!» አለኝ ጮክ ብሎ። «ምን ታሾፋለህ?»

እናቱ «አፈር ስሆን» እያሉ ጠቅልለው አጎረሱኝ። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ። አፌ ስለሞላ ነፍስ ይማር እንኳ ማለት አልቻልኩም።